የጋሽ ገብረወልድ ሻንጣ እስኪመጣ

እንደምን ዋላችሁ። ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ የፓርቲያችን ጸሐፊ ጓድ አስፋው፣ የጋራዣችን ሠራተኞች በሙሉ፣ እንዲሁም ማንም ሳይጠራችሁ የጥብሱ ሽታ ጠርቷችሁ የመጣችሁ የጎረቤት ጎሚስታዎች፤ እንኳን መጣችሁ፤ ተቀመጡ፤ ጭብጨባው ይበቃል።

ንግግር አድርግ ሲሉኝ "እኔ ገመቹ ብየዳ እንጂ ንግግር አልችልም" ብዬ ነበር። "ብየዳህንም አይተነዋል" አሉኝ። ስለዚህ ይኸው ቆሜያለሁ። ዛሬ ከተሰነጠቀ ጥፋቱ የመረጣችሁኝ የእናንተ ነው።

ከሻንጣው ልጀምር። በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ወር፣ ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ሥራ ፍለጋ ድሬዳዋ የሚሄድ አንድ ቀጭን ወጣት የተሳፈረበት አውቶቡስ እዚሁ በራችን ላይ ጭሱን አንዴ ተፍቶ ቆመ። ተሳፋሪው ወርዶ ጥላ ፈለገ። ሾፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን በዓይኑ ይለምናል። ያ ወጣት ግን ትዕግሥት አልፈጠረበትም፤ የናዝሬትንም ፀሐይ አልቻላትም፤ ኮቱን አውልቆ መኪናው ሥር ገባ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። የተበሳችውን የናፍጣ ቱቦ በለመናት የጎማ ቁራጭ አስሮ፣ አየሩን አስወጥቶ፣ "ሞክረው" አለ። ሞተሩ ተነሳ። ሾፌሩ በደስታ "ተሳፈሩ!" ብሎ ጮኸ፤ ሁሉም ተሳፈረ፤ ረገጠው፤ ሄደ።

ወጣቱ እጁን ሊታጠብ ሄዶ ነበር።

የዚያን ጊዜ የጋራዡ ባለቤት ሲኞር ካርሎ በር ላይ ቆመው ሁሉንም አይተዋል። "ሻንጣህስ?" አሉት። "አውቶቡሱ ላይ።" "ማን ነው የጠገነው?" "እኔ።" "በጣም አሳምረህ ጠግነኸዋል" አሉት፤ "አሁን ድሬዳዋ ሳይደርስ አይቆምም። ና ግባ፤ ሻንጣህ እስኪመጣ እዚህ ሥራ።"

ያ ወጣት ይኸው እፊታችን ተቀምጠዋል። ጋሽ ገብረወልድ። ሻንጣው አልመጣም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ግን "ጋሼ፣ ቋሚ ኖት?" ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ "ሻንጣዬ እስኪመጣ ነው።" ጋራዡ ተወረሰ፣ ሲኞር ካርሎ አገራቸው ገቡ፣ ኮሚቴ መጣ፣ ቅጽ መጣ፤ ቅጹ ላይ "የቅጥር ሁኔታ" የሚለው ቦታ ላይ "ሻንጣ እስኪመጣ" ብለው ጽፈው ሦስት ጊዜ ተመልሶላቸዋል። ነፍሷን ይማርና እትዬ ዘውድነሽን ሲያጩም ለአባቷ ይህንኑ ብለዋል ይባላል። አባትየውም "እንግዲያው እስኪመጣ ድረስ ውሰዳት" ብለው ሰጧቸው።

ለእንግዶች ሥራችንን በአጭሩ ላስረዳ። ሲኞር ካርሎ ሲሄዱ አሥራ ሁለት የናፍጣ ቫኖች ተረከብን። ሞጆ፣ መቂ፣ ዝዋይ፣ ኩየራ፣ ከዚያም አልፎ ሻሸመኔ ድረስ መድኃኒቱንም፣ ደብተሩንም፣ በሽተኛውንም የሚያመላልሱት እነሱ ናቸው። ያኔውኑ አርጅተው ነበር። መለዋወጫ ከላይ ይጠየቃል፤ መለዋወጫ አይመጣም፤ ደብዳቤ ግን ይመጣል፤ "ባላችሁ ተጠቀሙ" የሚል። ባላችሁ ተጠቀሙ ማለት እዚህ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከተገለበጠ የጭነት መኪና ሞተር ማውረድ፣ ከሌላው ካምቢዮ መፍታት፣ ከሦስተኛው ዲፍረንሻል መጎተት፣ ከዚያ እነዚህን በሕይወታቸው ተያይተው የማያውቁ ብረቶች አንድ ቫን ሆድ ውስጥ ተስማምተው እንዲኖሩ ማድረግ። ጋሽ ገብረወልድ ይህንን "ጋብቻ" ይሉታል። "ሞተሩና ካምቢዮው ሳይጠናኑ ካጋባሃቸው ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል" ይላሉ። ሽማግሌው ያው ብረት መቅረጫው ቶርኖ ነው።

አራት ቁጥርን ታስታውሳላችሁ? የትራክተር ሞተር የገባላትን? ሌላ ሞተር ጠፋ፤ ጋሼ ሳይወዱ በግድ ገጠሙላት። ኑሬ፣ ያው እዚያ ጥግ ጎርሶ የተቀመጠው ሾፌራችን፣ ከመቂ ሲመለስ "እንዴት ናት?" ብለው ጠየቁት። "ደህና ናት ጋሼ። ማሳ ባየች ቁጥር ግን መሪውን ከእጄ ነጥቃ ልትገባ ትላለች" አላቸው። እኛ በሳቅ ተንፈራፈርን። ጋሼ አልሳቁም። "አትፍረድባት" አሉት፤ "ያደገችበት ነው።"

ደግሞ ያቺ የአሥራ ሦስት ቁልፍ! በዚህ ጋራዥ ያልጠፋች አንዲት ቁልፍ እሷ ብቻ ናት፤ ምክንያቱም የምትኖረው በጋሽ ገብረወልድ ቀኝ ካልሲ ውስጥ ነው። "ጋሼ፣ አሥራ ሦስት ያውሱኝ።" "የት ነው ብሎኑ?" "እዚያ ማዶ።" "እሄዳለሁ።" ተነስተው፣ ግቢውን አቋርጠው፣ መሬት ተንበርክከው ራሳቸው ፈትተው ይመለሳሉ እንጂ ቁልፏ ከእጃቸው አትወጣም። በሠርጌ ቀን ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው መጡ። ቀኝ እግራቸው አብጦ ነበር። ሚስቴ "እኚህ ሽማግሌ እግራቸውን አሟቸዋል መሰለኝ" አለችኝ።

ካቻቢቴውስ? ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ያን ጊዜ ማሳል እንኳ ክልክል ነው። አንድ ቀን ጓድ አስፋው ስለ ምርት ዘመቻው ሊያነጋግሯቸው መጥተው አጠገባቸው ቆሙ። አምስት ደቂቃ ቆሙ። ጋሼ ዓይናቸውን ሳይገልጡ "ሦስተኛው በጣም ያማርራል" አሉ። ጓድ አስፋው ደብተራቸውን አወጡና "ሦስተኛው ማን ነው?" አሉ። "ፒስተን።" ጓድ አስፋው፣ እርስዎም እየሳቁ ነው፤ ጥሩ ነው። ይሳቁ። ትንሽ ቆይተን አንስቅም።

ከሁሉም በላይ ግን ብርጭቆዋ። ሞተር የተቀየረላት ቫን ከዚህ ግቢ የምትወጣው በብርጭቆዋ ፈቃድ ነው። ትንሿን የሻይ ብርጭቆ አፍ እስከ ገደፏ ይሞሏታል፤ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ካለው የሞተር ክዳን ላይ ያስቀምጧታል፤ ሞተሩ ይነሳል፤ ነዳጅ ይሰጠዋል። አንዲት ጠብታ ከፈሰሰች ሞተሩ ተመልሶ ይወርዳል። ክርክር የለም፣ ይግባኝ የለም። አንዱን ሞተር አምስት ጊዜ አውርደነዋል፤ አምስተኛው ላይ ወገቤ ነው አብሮ የወረደው። ካልፈሰሰች ግን ሻዩን የሚጠጣው ሞተሩን የገጠመው ሰው ነው። ሜዳሊያችን እሱ ነበር። ከዚያ ሻይ ፉት ያላለ መካኒክ በዚህ ቤት መካኒክ አይባልም።

እንግዲህ እስካሁን ስቃችኋል። የሽኝት ንግግር ወጉ ነው፤ መጀመሪያ ያስቃል፤ ከዚያ ያመሰግናል፤ ከዚያ ብርጭቆ ያስነሳል። እኔ መካከል ላይ አንድ ነገር አለኝ። አምስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ጉሮሮዬ ላይ የቆየ። ዛሬ ካልወጣ መቼም አይወጣም፤ ከሰኞ ጀምሮ እኚህ ሰው እዚህ ግቢ የሉም።

ዘጠኝ ቁጥር።

አዎ፣ ዝም በሉ። ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ጮክ ብሎ ያወራው ግን የለም። ሰባ ሰባት፣ መስከረም። ለአብዮት በዓሉ ሰልፍ ከኛ ጋራዥ አንድ ቫን ተሸልማ እንድትወጣ ታዘዘ። ዘጠኝ ቁጥር ሞተር አልነበራትም። ከአንድ እርሻ የተጣለ የመስኖ ፓምፕ ሞተር አገኘንላት፤ ጥሩ ሞተር፣ ጉልበታም። ጉልበቱ ግን የድሮ ዲፍረንሻሏን እንደ ብስኩት ስለሚሰብረው ከጭነት መኪና ሌላ ዲፍረንሻል አመጣን። የጽሕፈት ቤት ሰዎች፣ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ያ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ዲፍረንሻል ቫኗ ላይ እንዲቀመጥ የባሌስትራዎቹ፣ የእነዚያ የንጥረት ብረቶች፣ መቀመጫ ተቆርጦ እንደገና መበየድ አለበት። በላይኛው ፊቱ በኩል። በታችኛው በኩል ከተበየደ ዲፍረንሻሉ ተገልብጦ ይገጠማል። ተገልብጦ ከተገጠመ ሞተሩ ወደፊት ሲል ጎማው ወደ ኋላ ይሄዳል።

የበዓሉ ዋዜማ ጠዋት እትዬ ዘውድነሽ በጣም ታመመች። ጋሽ ገብረወልድ ሆስፒታል ሊወስዷት ነበር። ከመሄዳቸው በፊት ጠሩኝ። የሙከራውን ቅጽ አስቀድመው ፈርመው ሰጡኝና "ገመቹ፣ ዛሬ አንተ ነህ። ብርጭቆዋን አትርሳ" አሉኝ።

አልረሳሁም። እግዚአብሔር ያያል፣ ብርጭቆዋን አልረሳሁም። በየድኩ፣ ገጠምኩ፣ አሰርኩ። ቀለሙ ገና እርጥብ ነበር፤ የናፍጣ ኩፖናችንም አልቆ ጋኑ ውስጥ ያለው ለሰልፉ ብቻ ነው ተባለ፤ ስለዚህ መንገድ ላይ ልናወጣት አልቻልንም። ኋላዋን በክሪክ አንስተን፣ ብርጭቆዋን ሞልተን፣ ሞተሩን አስነሳን፣ ማርሽ አስገባን። አሥር ሰው ከብቦ ብርጭቆዋን ያያል። ሻዩ እንደ ኩሬ ውኃ ጸጥ አለ። አጨበጨባችሁልኝ። ጎማው በአየር ላይ ይዞራል፤ ወዴት እንደሚዞር ያየ አንድም ሰው የለም። ሁላችንም ብርጭቆዋን ነበር የምናየው።

ሻዩን ጠጣሁት። ስኳር የበዛበት ነበር፤ እስካሁን አፌ ላይ አለ።

ማግስቱን ኑሬ ይናገር ብል ይሻል ነበር፤ ግን አይናገርም። ከክብር ትሪቡኑ ፊት፣ የሙዚቃ ጓዱ ከኋላ፣ ሴቶች ማኅበር ከእሱ ኋላ፤ ዘጠኝ ቁጥር በባንዲራና በመፈክር ተሸልማ ቆማለች። ምልክት ሲሰጠው ኑሬ አንደኛ ማርሽ አስገባ። ቫኗ ወደ ኋላ ሄደች። ደነገጠና ሁለተኛ አስገባ። ወደ ኋላ ባሰባት። ጥሩምባ ነፊዎቹ ጥሩምባቸውን ይዘው ቦይ ውስጥ ገቡ። ሰው አልተጎዳም፤ አንድ ከበሮ ብቻ ተቀደደ። ኑሬ፣ ብልህ ነው፣ አራቱም ማርሽ ወደ ኋላ መሆኑ ሲገባው የኋላ ማርሹን አስገባ፤ ያኔ ወደፊት ሄደች። እያለቀሰች፣ በሰው እርምጃ፣ ትሪቡኑን በኋላ ማርሽ አለፈች። ባለሥልጣኖቹ ሰላምታ ለመስጠት ያነሱትን እጅ የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው።

ሕዝቡ ሳቀ። ናዝሬት በዚያ ዓመት ምንም የሚያስቅ ነገር አልነበራትም፤ ያገኘችውን ሳቀች። ሕዝቡ ባይስቅ ኖሮ ነገሩ "ብልሽት" ተብሎ ያልፍ ነበር። ስለተሳቀ "አሻጥር" ተባለ።

ከቀትር በኋላ የደኅንነት ሰዎች ሊይዙ መጡ። "ይህን የገጠመው ማን ነው?" አሉ። ጋሽ ገብረወልድ ከሆስፒታል ገና መመለሳቸው ነበር፤ የእትዬን ጫማ በፌስታል ይዘዋል። ወሬውን በር ላይ ሰምተዋል። ወደ እኔ አዩ። እኔ መሬት አየሁ። "እኔ ነኝ" አሉ። "ቅጹም ላይ ፊርማዬ አለ።" ፌስታሉን ለእኔ ሲሰጡኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና "ስምህን እንዳትጠራ። ለእናትህ የቀረሃት አንተ ብቻ ነህ" አሉኝ።

ወንድሜን ሆራን በሰባ ዓመተ ምሕረት ወስደውት አልተመለሰም። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የሆራ ወንድም የሠራው ስህተት ስህተት ተብሎ አይታለፍም ነበር፤ ጋሼ ይህንን በአንዲት አፍታ አሰቡት። እኔ አላሰብኩም፤ እኔ ፈራሁ። ሌላ ቃል የለውም። ጋሽ ገብረወልድ በዋዜማው ሆስፒታል እንደነበሩ፣ ብየዳውን በዓይናቸው እንዳላዩት ሊመሰክር የሚችል ሰው ነበር። አጠገባቸው ቆሟል። ፌስታል ይዟል።

ብርጭቆዋን ከብባችሁ የነበራችሁት አሥሩም ታውቁ ነበር። ዝም ያላችሁት ለእኔ ብላችሁ ነው፤ አልወቅሳችሁም። የእኔ ዝምታ ግን ለራሴ ነበር።

ጋሼ፣ እያየሁዎት ነው። በእጅዎ "ተወው" እያሉኝ ነው። አልተወውም። ሁልጊዜ እርስዎ ያሉኝን አድርጌያለሁ፤ ዛሬ አንድ ቀን እምቢ ልበልዎት።

ሰባት ወር ከአሥራ ሦስት ቀን ታሰሩ። ስንቅ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ፤ እትዬ ዘውድነሽ ከሆስፒታል ወጥታ እቤቷ አልጋ ላይ ሆና ታዛለች፣ ጎረቤት ይሠራል፣ እኔ ምሳ ዕቃውን አደርሳለሁ። በየቀኑ ሳልፍ አልጋዋ አጠገብ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን እጄን ያዘችና "ገመቹ ልጄ፣ እሱ እንዲህ ያለ ነገር የሚሳሳት ሰው አይደለም። እንዴት ሆኖ ነው?" አለችኝ። "አላውቅም እትዬ" አልኳት። እጄን አልለቀቀችም። "ምናልባት በእኔ ሕመም ሐሳቡ ተበትኖ ይሆናል" አለች። "የኔው ጥፋት ነው።"

እንዲህ ብላ ነው የሞተችው። በጥር። "ባሌን ያሳሰርኩት እኔ ነኝ" ብላ አምና። አንዲት ቃል ብናገር ኖሮ ያንን ሸክም ይዛ አትሄድም ነበር፤ ቃሏ ምላሴ ላይ ነበረች፤ ዋጥኳት። ሬሳዋን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ። ጋሼ ለቀብሩ እንዲወጡ አልተፈቀደላቸውም። መርዶውን በምሳ ዕቃው ያደረስኩት እኔው ነኝ። ምሳ ዕቃውን ተቀብለው፣ ከፍተው አዩትና "ይህ የእሷ እጅ አይደለም፤ የእሷ ትእዛዝም አይደለም" አሉ። ከዚያ ወዲያ ልነግራቸው አላስፈለገኝም።

በሚያዝያ ተፈቱ። በማግስቱ ቱታቸውን ለብሰው መጡ። እኔ ልደበቅ የምችልበት ጉድጓድ እየፈለግኩ ነበር። ይሰድቡኛል፣ ይመቱኛል፣ ቢያንስ አያናግሩኝም ብዬ። ዘጠኝ ቁጥር ሥር ገቡና ጠሩኝ። አብሬያቸው ተኛሁ። በካቻቢቴው እያመለከቱ "የዘይት መሙያውን ቡሽ የት አገኘኸው?" አሉኝ። "ከታች ነበር ጋሼ።" "ዘይቱን በየት በኩል ሞላኸው ታዲያ?" "አዲስ ቀዳዳ በሳሁለት።" "እሱ እየነገረህ ነበር፤ 'ተገልብጫለሁ' እያለህ። አልሰማኸውም" አሉ። ከዚያ ቁልፋቸውን ከካልሲያቸው አወጡ። "ለሌላ ጊዜ" አሉ፣ "ከብርጭቆዋ በፊት ጎማውን እይ።" ቁልፏን እጄ ላይ አስቀመጧት። አሥራ ሦስቷን። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። እኔ መፍታት አልቻልኩም፤ ብሎኑ ብዥ ብዥ አለብኝ።

ስለ እትዬ አንድም ቃል አልተናገሩኝም። እስከ ዛሬ።

ይህንን ሁሉ ለምን ዛሬ? እንግዲህ እውነቱን ልናገር። ከሰኞ ጀምሮ የዋና መካኒክነቱ ወንበር ለእኔ ተሰጥቷል። ደብዳቤው ላይ "ነቀፋ የሌለበት የአገልግሎት ዘመን" ይላል። የእኔ ማለት ነው! የጋሽ ገብረወልድ የጡረታ ማኅደር ላይ ደግሞ ምን ይላል? "በአሻጥር ተጠርጥሮ የታሰረ።" ሁለቱንም ወረቀት በአንድ ቀን አየሁ። ቤቴ ሄጄ ለእናቴ አነበብኩላት። አልተቆጣችም። "ሆራ ቢኖር ምን ይል ነበር?" ብቻ አለችኝ።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ጻፍኩ። ሁለት ገጽ ነው። ማን እንደበየደው፣ በየት በኩል እንደበየደው፣ ጋሽ ገብረወልድ በዚያ ቀን የት እንደነበሩ፣ ማን ዝም እንዳለ። የመዝገብ ቤቷ ወርቅውሃ አንብባ ማኅተሙን ከመምታቷ በፊት "እርግጠኛ ነህ?" ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። መታችው። ጓድ አስፋው፣ ግልባጩ ሰኞ ጠረጴዛዎ ላይ ነው። ዘመኑ ላልቷል ይላሉ፤ ይላላ አይላላ እኔ አላውቅም። ሰኞ ወንበሩ ላይ እኔ ልቀመጥ ሌላ ሰው፣ እሱንም አላውቅም።

ምንም እንደማይመልስ ግን አውቃለሁ። ወረቀት ሰባት ወር አይመልስም። እትዬ ዘውድነሽ አታነበውም። ተስፋ የሚሰጥ ነገር ተናገር ብትሉኝ ከየት አመጣለሁ? ከአሥራ ሁለቱ ቫኖች የሚንቀሳቀሱት አራት ናቸው፤ አንዷ ስትቆም ከሌላዋ እየቀደድን ነው የምንሰፋው። የምናወርደው ሞተር እያለቀ ነው። የኩየራና የሻሸመኔ ሰው ቫኗን መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቃል፤ አንድ ቀን አትመጣም፤ ለምን እንዳልመጣች የሚነግረውም አይኖርም። ሞተር የሚሰማው ጆሮ ደግሞ ይኸው ዛሬ ኮቱን ለብሶ ሊሄድ ነው። እኔ ካቻቢቴውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሞክሬያለሁ። የምሰማው የራሴን ልብ ነው።

ጋሼ፣ የምስጋናው ተራ ደርሷል፤ ምስጋና ግን ለዚህ አይበቃም። አስተምረውኛል። ሕይወቴን ሰጥተውኛል፤ ለሥራ ብቻ ሳይሆን በቁሙ። ሁለቱ ልጆቼ የተወለዱት እርስዎ ወህኒ ከገቡ በኋላ ነው፤ ስማቸውን ስጠራ እርስዎን ነው የማስበው። በእናቴ ቋንቋ ገለቶማ ብዬ ላመስግንዎት። በአማርኛውም፣ ይቅር ይበሉኝ። አሁን እንዳይመልሱልኝ። "ምንም አይደለም" የሚሉኝ ከሆነ አልችለውም።

ወርቅውሃ፣ አምጪው።

ይኸው። ሠራተኛው አዋጥቶ ገዛው። ቡናማ ነው፤ የድሮው ምን ዓይነት እንደነበር ጠይቀን "ቡናማ፣ ከጎኑ የተላጠ" ብለውን ነበር፤ ስለዚህ ኑሬ ከጎኑ በካቻቢቴ ትንሽ ልጦታል። ሻንጣዎ መጥቷል፣ ጋሽ ገብረወልድ። ሠላሳ አንድ ዓመት ዘገየ። ውስጡ አንድ ቱታ አለ፣ የታጠበ፤ የደብዳቤዬም ግልባጭ ከነማኅተሙ አለ። ሰው ቢጠይቅዎት ያሳዩት። ማንም ባይጠይቅዎት ለእትዬ መቃብር ያንብቡላት፤ ጥፋቱ የእሷ እንዳልነበረ ትስማ።

በሉ፣ ተነሱ። ብርጭቋችሁን ያዙ። የጠጅም፣ የቢራም፣ የአምቦ ውኃም፤ እኔ ሻይ ነው የያዝኩት፤ በዚያችው ብርጭቆ። እስከ ገደፏ ሞልቻታለሁ፤ እየፈሰሰች ነው። ሞተር የለም፤ እጄ ነው።

ጋሽ ገብረወልድ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ጉልበትዎ አይድከም። ቤትዎ ሰው የሚገባበት፣ ድምፅ የሚሰማበት ይሁን፤ ባዶ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሑድ እሑድ ከነልጆቼ እመጣለሁ፤ ቢያባርሩኝም እመጣለሁ። ጆሮዎን ይጠብቅልን። ለጤናዎ!

ጠጡ። እኔ ግን ይህን ሻይ አልጠጣውም፤ የእርስዎ ነው፤ ዘጠኝ ቁጥርን መልሰው በእግሯ ያቆሟት እርስዎ ነዎት።

በር ላይ ቆማለች። ታጥባለች፣ ናፍጣ አላት። ሻንጣውን እኔ እጭነዋለሁ፣ ቤትዎ ድረስም እኔ እነዳለሁ። ከመሳፈርዎ በፊት ግን አንዴ ላንቀሳቅሳት፤ እርስዎ ከጎን ይቁሙና ጎማውን ይዩልኝ።